ከሐኪም ቤት ደጅ እስከ ቤት ደጅ



በአገራችን ልማድ የታመመውን ሰው ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን፤ ከአልጋው ሲነሣ ደግሞ «እንኳን ማረህ» እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። እኛም ለብዙ ዘመን አልጠየቅንም። ሕመምተኛው ጫማውን ተጫምቶ፥ ጓዙን ጠቅልሎ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ሲወጣ ባየነው ጊዜ ሁለተኛውን ቃል ተናግረን ወደየሥራችን ስንመለስ ኖረናል። ሰው ዳነ የሚባለው በውኑ መቼ ነው? ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ፥ ከደረሰም በኋላ ኃይሉ እስኪመለስለት ድረስስ በማን እጅ ነው ያለው? ከእናንተ ጋር ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው።

ጥያቄው በማናቸውም አገር የሚነሣ ነው፤ በአዲስ አበባም በሎንዶንም ይነሣል። እኛ ግን የተማርነው በገዳሪፍ ቆላ ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ገላባት የሚወርደው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በገላባት ጫፍ ያለችውን ትንሽ ወንዝ ሲሻገሩ መተማ ዮሐንስ ይገኛል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ስፍራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።) ምድሩ ሜዳና ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ግን ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይተረተራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በገዳሪፍ ዙሪያ የትራክተር እርሻ ከተጀመረ ወዲህ፥ በኋላም በመተማና በሑመራ ከተስፋፋ ወዲህ፥ ያ ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆኗል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ በየዓመቱ ከደጋው፥ ከበለሳና ከጋይንት፥ ከጎጃምና ከትግራይ፥ ቍጥሩ የበዛ ወጣት ወደ በረሃ ይወርዳል። በዚያ አገር አነጋገር ሳሉግ ይባላሉ። ቀን ያጭዳሉ፤ ሌሊት ሙቀቱ ቤት ስለማያስገባ በሜዳው ላይ፥ በግራሩ ሥር ይተኛሉ።

በዚያ በሚተኙበት ስፍራ የምትጠብቃቸው ነገር አለች። የአሸዋ ዝንብ ይሏታል፤ ከትንኝ ታንሳለች፥ ድምፅም የላትም። መኖሪያዋ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ፥ በግራሩና ሱዳኖች ሂጅሊጅ በሚሉት ዛፍ አጠገብ ነው፤ የምትናከሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የምታመጣው ደዌ ካላ አዛር ይባላል፤ በሕንድ ቋንቋ ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። ትኩሳቱ ሳምንት ከሳምንት አይለቅም፤ ጣፊያ ያብጣል፥ ደም ይጎድላል፥ ሰውነት እስኪያልቅ ድረስ ይከሳል። ያልታከመ ሰው ከሞት የሚያመልጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። የታከመ ግን በብዛት ይድናል፤ ይህን ስንጽፍ በምስጋና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2002 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪካ የመከሩት ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ለ17 ቀን መስጠት ነበር። ከዚያም ወዲህ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ የሚዋጥ ሆኖ በ14 ቀን የሚፈጸም ሕክምና በዶካና በጎንደር፥ እንዲሁም በኬንያና በኡጋንዳ ተፈትኖ መልካም ውጤት አሳይቷል። ከብረት አልጋ ላይ አጥንቱ እየታየ የተኛ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ተነሥቶ ሽሮ ሲጠይቅ ያየ ሰው የሐኪሞችን ሥራ አያቃልልም።

አሁን ግን የጥያቄያችንን መክፈቻ ልብ በሉ። ሐኪሞቹ ራሳቸው በ17ኛው ቀን «ድኗል» ብለው መዝገቡን አይዘጉም። ያን ቀን የሚጽፉት የመጀመሪያ ፈውስ የሚባለውን ነው። ፍጹም ፈውስ ብለው የሚጽፉት ከ6 ወር በኋላ ሰውየውን ዳግመኛ አይተው፥ ትኩሳት አለመመለሱን፥ ጣፊያው አለማበጡን አረጋግጠው ነው። በእነዚያ በ6ቱ ወራት ውስጥ ደዌው ሊያገረሽ ይችላል፤ ይልቁንም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ያገረሽበታል። በሱዳን ደግሞ ከታከሙት ሰዎች ወደ እኩሌታ የሚጠጉት ከዳኑ በኋላ ፊታቸው ላይ፥ ከአፋቸው ዙሪያ ጀምሮ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ሰውየውም አያመውም፥ አይተኛም፥ ሥራውን ይሠራል። ዳሩ ግን ዝንቧ ከዚያ ሽፍታ ላይ ተሕዋሱን ወስዳ ወደ ሌላ ሰው ልታሻግር ትችላለች።

እንግዲህ ሕክምናው ራሱ በመዝገቡ ላይ 6 ወር ክፍት ቦታ ትቶ ሳለ እኛ በደጁ ላይ «እንኳን ማረህ» ብለን የምንዘጋው በምን ሥልጣን ነው?

ስለ ራሳችን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በኅዳር ወር፥ በዚያ ቆላ ካሉት ሐኪም ቤቶች በአንዱ ተኝቶ የነበረ አንድ ወጣት እንጠይቅ ነበር። ከበለሳ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ነው፤ ዕድሜው 20 ቢሆን ነው። መርፌውን እስከ መጨረሻው ታገሠ። የሚወጣበት ቀን በደረሰ ጊዜ ከምእመናን ጥቂት ገንዘብ ሰብስበን፥ ለመኪና ከፍለን፥ ጋቢ ገዝተን ወደ ደጁ ሄድን። ጸለይንለት፤ መረቅነው። ክንዱን ይዘን ወደ መኪናው ልናወጣው ስንል «አይዞዎት አባቴ፥ እኔ ድኛለሁ» ብሎ ሣቀና በራሱ ጕልበት ወጣ። እኛም ደስ አለን። ከመውጣቱ በፊት አስታማሚዎቹ የሰጡትን ወረቀት እንድንይዝለት በእጃችን ሰጥቶን ነበር፤ ጫማውን አስሮ ሲጨርስ መለስንለት። ወረቀቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ልጁ ፊደል አልቈጠረም። እንግሊዝኛውን እኛ እናነባለን፤ ዳሩ ግን አላነበብነውም።

ልጁ ወደ በለሳ አልሄደም። ያጨደበት ዋጋ ስላልተከፈለው፥ አሠሪውም ሥራውን ላልፈጸመ አልከፍልም ስላለው፥ በመጀመሪያው መናኸሪያ ወርዶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሰሊጡ ካለቀ በኋላ ለማሽላ ቈረጣ ቈየ። በጥር ወር ትኩሳቱ ተመለሰበት፤ ጓደኞቹ የወባ መስሏቸው ከሱቅ ኪኒን ገዙለት። በየካቲት በትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው ወደ ዋናው መንገድ ሲያወጡት ከመንገዱ ሳይደርስ ዐረፈ። የላኩብን ሰዎች ጋቢውንና ከሸሚዙ ኪስ ያገኙትን ወረቀት አመጡልን። ያን ጊዜ አነበብነው። ትኩሳት ከተመለሰ በዚያው ቀን እንዲመለስ፥ በአጎበር ውስጥ እንዲተኛ፥ ለሚቀጥለው ምርመራ በግንቦት እንዲመጣ ተጽፎ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው ብለን ከራሳችን ጋር ብዙ ተከራከርን። ሐኪሞቹ ማዘዝ የሚገባቸውን አዘዋል፤ በቃልም ነግረውት ነበር አሉ፥ ነገር ግን በዐረብኛ ነበር። አሠሪው የሠራተኛን ዋጋ መከልከሉ ኀጢአት ነው፤ ይህን ለማወቅ ሴሚናሪ መግባት አያስፈልግም። ልጁም ቢሆን ጐልማሳ ሰው ነው፥ ወደ ወደደው መሄድ መብቱ ነው። ይህን ሁሉ ከቈጠርን በኋላ ግን የሚቀር ነገር አለ፤ ወረቀቱ በእጃችን ነበር። ጋቢ መግዛት ቀሎን «ዛሬ ሌሊት የት ታድራለህ?» ብሎ መጠየቅ ከበደን። ለምን ከበደን? መስጠት በአንድ ጊዜ ያልቃል፥ ሰጪውም ደስ ብሎት ይሄዳል፤ መጠየቅ ግን መልስ ያመጣል፥ መልሱም ሥራ ያመጣል። «ደመወዜን ተከልክያለሁ» ቢለን ኖሮ ከአሠሪው ጋር መነጋገር ሊኖርብን ነው። ይህን በልባችን ሳናውቀው የሸሸን ይመስለናል።

የዚህ ነገር ዕዳ በአንድ ሰው ብቻ የሚቈም ላለመሆኑ የሊቦ ከምከም ታሪክ ምስክር ነው። ሊቦ ከምከም ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ አዲስ ዘመን ከተማ ያለችበት ደጋማ ወረዳ ነው። ካላ አዛር የቆላ ደዌ ስለ ሆነ በዚያ አይታወቅም ነበር። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ግን በዚያ ወረዳና በጎረቤቱ በፎገራ ሰዎች ይነድዱና ይከሱ፥ በብዛትም ይሞቱ ጀመር። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ቢሰጥም መቃብሩ በዛ። በ1997 ዓ.ም. ደሙና ጣፊያው ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፥ በአዲስ ዘመንም ሕክምና ተቋቋመ። እንዴት ወደዚያ ደረሰ ቢባል፥ ሊቃውንቱ ይበልጥ የሚያምኑት ለአጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርደው የተመለሱ ወጣቶች ሳያውቁት በደማቸው ይዘውት መምጣታቸውን ነው። ልጁ ከበረሃ በደኅና ተመለሰልኝ ብላ እናት በር ላይ እልል ስትል፥ ያላየችው እንግዳ አብሮ ገብቷል። በዚህ ልጆቹን መውቀስ አይገባም፤ ወደ በረሃ ያወረዳቸው የመሬት ጥበትና የእናት ዕዳ ነው። ነገር ግን በደኅና መመለስ ማለት ለተመላሹ ብቻ ሳይሆን ለሚቀበለው ቤትም ደኅና መሆን እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ይህን የሰማ ሰው ምናልባት «እንግዲያስ ሕመምተኛው ፈጽሞ እስኪድን ድረስ በሐኪም ቤት ይያዝ» ይል ይሆናል። እኛም በኀዘናችን ሰሞን እንዲህ ብለን ነበር። ዳሩ ግን የዚያው ምድር ሌላ ታሪክ አፋችንን ያዘው።

በ1977 ዓ.ም. በታላቁ ረኀብ ጊዜ ከትግራይ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ተጉዞ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በአትባራ ወንዝ አጠገብ እንደ ነበረው እንደ ወድ ኮውሊ ባሉት ሰፈሮች ኩፍኝና ተቅማጥ ብዙ ሕፃናትን ጨረሰ። የሚያዝያ ወር ሲቃረብ ግን ገበሬዎቹ ሰማዩን እያዩ ይነጋገሩ ጀመር፤ ክረምቱ ሳይገባ ካልደረስን፥ መሬታችንን ካላረስን፥ ለመጪውም ዓመት እዚሁ በልመና ልንቀር ነው አሉ። ብዙ የውጭ አገር ረጂዎች ገና አልበረታችሁም፥ በአገራችሁም ጦርነትና ረኀብ አለ፥ አትሂዱ ብለው ተቃወሙ። የተቃወሙትም በክፋት አልነበረም፤ የሚመዝኑት የሰውነትን ክብደትና የመንገዱን ርዝመት ነበር፥ በሚዛናቸውም ልክ ነበሩ። ገበሬዎቹ ግን ሌላ ሚዛን ነበራቸው። ከ50,000 የሚበልጡት ክረምቱ ሳይከብድ ተነሥተው ተመለሱ፤ በተከታዮቹም 2 ዓመታት ሌሎች ብዙዎች ተከተሏቸው።

ማን ልክ ነበር? ይህን ጥያቄ በብዙ ጉባኤ አንሥተነው የተስማማ ሰው አላገኘንም። የእኛ አሳብ ግን ይህ ነው፤ መቼ እንደሚሄድ የመቍረጥ ሥልጣን የሄያጁ ነው፥ እንዴት እንደሚሄድ የማሰብ ግዴታ ግን የሁሉም ነው። ሐኪሙ «አትሂድ» ማለት ይችላል፥ ማለትም ይገባዋል፤ ሰውየው «እሄዳለሁ» ባለ ጊዜ ግን ፊቱን አዙሮ «እንግዲያስ በራስህ ላይ» ማለት አይገባውም። በብዙ ሐኪም ቤት እንደሚደረገው «በገዛ ፈቃዴ ወጣሁ» የሚል ወረቀት አስፈርሞ መልቀቅ ሐኪሙን ከዳኛ ያድነው ይሆናል። ለሕመምተኛው ግን ስንቅ አይሆነውም። ሳይፈቀድለት የሚወጣው ሰው ከተፈቀደለት ይልቅ ስንቅ ያስፈልገዋል።

በዚህ ስፍራ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ማስታወስ ይገባናል። ስለ ሳምራዊው ያልሰበከ ሰባኪ የለም። ዘይትና ወይን ማፍሰሱን፥ ቍስሉን ማሰሩን፥ በእንስሳው ላይ ማውጣቱን ሁላችን እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በስብከታችን ውስጥ ቶሎ ይታለፋል። ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን መቀጠል ነበረበት፤ ሥራ ነበረው፤ ለዘላለም አስታማሚ ሆኖ ሊቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ 2 ዲናር ሰጠው፥ አደራ አለው፥ ተመልሶ እንደሚመጣና የጎደለውን እንደሚከፍል ነገረው። ቍስለኛውን በደጅ ላይ አልተወውም፤ ከእጅ ወደ እጅ አሻገረው። ያ የማረፊያው ጠባቂ ስሙም ምስጋናውም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ቍስለኛው ቀሪውን ሌሊት ያደረው በእርሱ ቤት ነው። ምግቡን ያበሰለ፥ ጨርቁን የለወጠ፥ «እንዴት አደርህ?» ያለ እርሱ ይመስለናል። ሐኪም ቤቶቻችን በሳምራዊው ይመሰሉ፤ እኛ፥ ይኸውም ጎረቤት፥ ዘመድና ምእመን የሆንን ሁሉ፥ የማረፊያው ጠባቂዎች ነን። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ ጌታ የ12 ዓመቷን ልጅ ካስነሣ በኋላ ወላጆቿን ያዘዛቸው የሚበላ ነገር እንዲሰጧት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ተአምር ከተደረገ በኋላ እንኳ ስለ ምሳ ተነገረ።

ስለ ምሳ ካነሣን አይቀር፥ ከካላ አዛር የተነሣ ሰው ደሙና ሥጋው ያለቀ ነው፤ እንቍላል፥ ወተት፥ ሥጋ፥ ምስር የሚያስፈልገው በእነዚያ ወራት ነው። ልጁ በኅዳር ወደ ደጋ ቢመለስ ግን የነቢያት ጾም ይቀበለዋል። እናቱ የምትሻው ስለ ዳነላት እንዲጾምና ስእለቷን እንዲያደርስ ነው። በዚህ የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልንነቅፍ አንነሣም፤ ይልቁንም ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ለታመመ ሰው እንደምታዝን እናውቃለንና፥ ከመንደሩ ካህን ጋር አስቀድሞ መነጋገር ከሐኪሙ ማዘዣ የማያንስ መድኃኒት ሆኖ አይተነዋል። አንድ ንስሐ አባት «ልጄ፥ አንተ ዘንድሮ ብላ» ያሉት ሰው ይበላል፤ ሐኪም መቶ ጊዜ ቢነግረው ግን በልቡ ይፈራል።

ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምሥጢር ነው። አስታማሚ ያስታመመውን ደዌ ካላወቀ ማስታመም አይችልም። ሕመምተኛው ግን፥ ይልቁንም ኤች አይ ቪ ያለበት፥ ቤተሰቡ እንዲያውቅበት አይወድም። ለማን ይነገር? እኛ አንድ ጊዜ ለደኅንነቱ ነው ብለን ለወንድሙ ልንነግር ተነሥተን ነበር፤ አንዲት ነርስ ከለከለችን፥ ከልክላንም ልክ ነበረች። መናገር ያለበት ባለቤቱ ነው። የእኛ ድርሻ ከእርሱ ጋር ተቀምጠን «ከቤትህ ሰዎች ማንን ታምናለህ?» ብለን አንድ ሰው እንዲመርጥ ማገዝ ነው። ያ አንድ ሰው ከተገኘ፥ የሚዋጠውን መድኃኒት ሰዓት፥ የሚመለስበትን ቀን፥ የሚያስፈራውን ምልክት ያውቃል፤ ለመንደሩ ሁሉ መንገር አያስፈልግም።

ወደ ቤት መመለስ ስንል ግን ቤት ያለው ሰው እያሰብን ነው። በዚያ ቆላ ቤት የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ተሰደደ። ኡም ራኩባ የሚባለው የስደተኞች ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ገደማ ከኢትዮጵያ የወጡ፥ ከእነርሱም ጋር ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ የሚጠብቁ ቤተ እስራኤል ያረፉበት፥ ብዙዎችም የተቀበሩበት ነው። ለ20 ዓመት ያህል ተዘግቶ ከቈየ በኋላ፥ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ለተሻገሩት እንደ ገና ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ከ50,000 በለጡ። ከዚያም በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣና መንገዱ ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ሸሹ፥ በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሺህ ያህሉ ዝርፊያና ጥቃት ስለ በዛባቸው ከአውላላ ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ለእነዚህ ሰዎች «ወደ ቤትህ ሂድ» የሚለው የሐኪም ቃል ምን ማለት ነው? የመውጫው ወረቀት ላይ አድራሻ የሚል መስመር አለ፤ ምን ይጻፍበት?

በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በዚያ አገር አንድ ሐኪም ቤት በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት አየን። ባሏ በየት እንዳለ አታውቅም። በአራተኛው ቀን ነርሷ መጥታ ትወጫለሽ አለቻት። ሴቲቱም አልጋውን በሁለት እጇ ይዛ «ከዚህ ወዲያ አልጋ የለኝም» አለች። ነርሷ አልተቈጣችም፤ ዐይኗ ግን ወደ ኮሪደሩ ነበር፤ በዚያ ሌላ ምጥ የያዛት ሴት በምንጣፍ ላይ ተኝታ ነበረችና። አንዲቱን ማስወጣት ግፍ ነው፤ ሁለተኛይቱን በመሬት ላይ ማዋለድም ግፍ ነው። በመጽሐፍ ላይ የተማርነው የሥነ ምግባር ትምህርት በዚያች ሰዓት አልረዳንም፤ እንደ ቆምን ቀረን።

ነገሩን የፈታችው ከደጁ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ነበረች፤ ሰዎቹ ሐጃ ይሏታል። በየቀኑ ሻይ ስታመጣላት ተዋውቀዋል። ገባችና ሕፃኑን አንሥታ አቀፈች፤ ከዚያም 4 ጣቶቿን ዘርግታ «አርበዒን» አለች። 40 ቀን ማለቷ ነው። የአራስ 40 ቀን በእነርሱም ዘንድ እንደ እኛው የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ሴቲቱ ቋንቋውን ሳታውቅ ገባትና አልጋውን ለቀቀች። ሐጃዋ ቤት የምትለው አንዲት የሣር ጎጆና በስተፊቷ ያለች ዳስ ነበረች፤ በጎጆው ውስጥ በገመድ የተጠለፈ አንድ ዐንገሬብ ነበር። እርሷ በመሬት ልትተኛ ነው።

የአህያ ጋሪ መጣ። ሴቲቱን ደግፈን ስናወጣት ሐጃዋ ከነርሷ እጅ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኛ ዘረጋችው። እርሷም ማንበብ አትችልም። ነርሷ ዐረብኛውን ለሐጃዋ አነበበች፤ እኛ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ለሴቲቱ ነገርናት፤ ስፌቱ ቢቀላ፥ ትኩሳት ቢነሣ፥ ደም ቢበዛ በሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ፥ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ፥ ስፌቱ የሚታይበትም ቀን ማክሰኞ እንደ ሆነ። ሐጃዋ ቀኑን ደግመን እንድንነግራት ጠየቀች። ደግመን ነገርናት። በጣቷ ቈጠረችና አህያውን ነዳች።

ማክሰኞ ዕለት እኛም በማለዳ ወደ ደጁ ሄድን።